እስክንሞላ ድረስ

ዳምጠው የሞተው አፋር በረሃ ውስጥ፣ የፀሐይ ብርሃን በሚታጨድበት ሜዳ ላይ፣ ከብረት ማማ ወድቆ ነው። እናቱ ማክዳ ገና አልሰማችም። ከእሷ በፊት የሰማችው የልጅነት ጓደኛዋ ሶሊያና ናት። አብሮት የሚሠራ ልጅ ማምሻውን ደወለላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ከተማው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለማክዳ በግድግዳዋ ያሳውቃታል፤ ከግድግዳ ከምትሰማው ከሰው ብትሰማው ይሻላል አላት። ከዚያ አለቀሰና ዘጋው።

ሶሊያና ግድግዳ እንዴት እንደሚያረዳ ታውቃለች። የፎቅ ጎረቤቷ የባሏን ሞት የሰማችው ከግድግዳ ነው። ሴትዮዋ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ግድግዳው መጀመሪያ የቀኑን አየር ነገራት፣ ቀጥሎ የባሏን ሞት፣ ቀጥሎ ደግሞ ለቀብር የሚሆኑ አማራጮችን ዘረዘረላት። በማግሥቱ ሰው ሲገባ ቢላዋው እጇ ላይ ነበር፣ ሽንኩርቱም ፊቷ ደርቆ። ሴትዮዋ ዛሬም በሕይወት አለች። ግን እስካሁን አላለቀሰችም።

መርዶ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ከተማው ይህን አያውቅም፤ የነሶሊያና ሰፈር ሰዎች ግን ያውቃሉ። ሰፈራቸው ፈርሶ፣ ሰዉ በየፎቁ ተበትኖ ስንት ዓመት፤ ከዚያ ሁሉ ጉርብትና ተርፎ የቀረው ይኸው ሥራ ነው። ኢዩኤል አፍ ነው፤ ቃሉን የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሌላ ሰው አይደፍረውም። ናሆም ክንድ ነው፤ ሐዘንተኛ ራሱን መሬት ሲጥል የሚይዘው እሱ ነው። ብሌን እንባ ናት፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያለቅስ ለቅሶውን እሷ ትጀምራለች። ሶሊያና ደግሞ ጎን ናት፤ ከአጠገብ ትቀመጣለች፣ ሐዘንተኛው ይደገፋታል። ጥቁሩን በቦርሳ ይይዙታል እንጂ ለብሰውት አይሄዱም። በር ላይ የሚታዩት አራቱም በአንድ ጊዜ ነው። አንዱ ቀድሞ ከታየ ሐዘንተኛው ፊቱን ያይና ነገሩ ይገባዋል፤ ያኔ የሚይዘው ክንድ የለም፣ የሚደገፈው ጎን የለም። እንዲህ ያለውን ማርዳት ጭካኔ ይሉታል።

ጎህ ሲቀድ አራቱም የካ አባዶ፣ ከሶሊያና ፎቅ ሥር ተሰበሰቡ። በዚያ ዘመን ሶሊያናና ናሆም የአሮጊትና የሽማግሌ ስም ነው፤ ወጣቶቹ ዳምጠው፣ ወርቅያንሽ፣ ደስታው ይባላሉ። ማክዳ የምትኖረው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በምን እንሂድ የሚል ነበር።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ጅረት ነው፤ የሕዝብ ማመላለሻ ነው፣ ረጅም ነው፣ ሳይቆም ያልፋል ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ሌላው ኪራይ ነው። ስሙ ሌላ ቢሆንም ሰዉ እንቁላል ይለዋል፣ ቅርፁን አይቶ። እንቁላል እግርህ ሥር ድረስ ይመጣል፣ ወንበሩ ይሞቃል፣ በስምህ ይጠራሃል። የሚይዘው ግን አንድ ሰው ነው። ሁለት ሰው የሚይዙ እንቁላሎች ድሮ ነበሩ። አንድ ሰሞን ጠፉ። የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ብቻውን መሄድ ለምዶ ነበር።

ኢዩኤል እንቁላል ይሻላል አለ። ዕድሜውን ሙሉ በየሰዉ ቤት ቧንቧ ሥር ተንበርክኮ የኖረ ሰው ነው፤ ጉልበቱ የጅረትን ግፊያ አይችልም። ሶሊያና አይሆንም አለች። በጅረት ቢያንስ እንተያያለን፤ በእንቁላል ከሄድን ግን ማን ቀድሞ እንደሚደርስ በምን እናውቃለን አለች። ናሆም እኔን የሚችል እንቁላል አልተፈጠረም ብሎ ትከሻውን አሳየ። እውነቱን ነው፤ በር ሲገባ በጎኑ ነው የሚገባው።

ብሌን ዓይኗ ከወዲሁ ቀልቷል። «ብቻዬን ካስቀመጣችሁኝ» አለች፣ «መንገድ ላይ አልቅሼ እጨርስና ባዶዬን ነው የምደርሰው።»

ይህ ክርክሩን ቋጨው። ወደ ጅረት ሄዱ።

የጅረት በር የድሮ ሚኒባስ ረዳት አይደለም፤ አይለምንም፣ አይጠብቅም። ለሁለት ለሦስት ትንፋሽ ይከፈትና ይዘጋል። በሩ ፊታቸው ተከፈተ። ኢዩኤል ፈቀቅ ብሎ ሴቶቹ እንዲቀድሙ በእጁ አመለከተ። ሶሊያና ታላቅ እያለ እንዴት እቀድማለሁ አለች። ብሌን በሞቴ ጋሼ ብላ ክንዱን ይዛ ወደፊት ገፋችው። እሱ ደግሞ በፍጹም ብሎ ወደኋላ ተመለሰ። ናሆም ከሁሉም ታናሽ ነው፤ ከሦስቱ ቀድሞ መግባት በሕልሙም አይሞክረውም። በሩ ተዘጋ።

«መንገደኞች ለመሳፈር ፍላጎት አላሳያችሁም» አለ ድምፁ። «ጅረት ያመሰግናል።»

ሶሊያና በራሷ ተናደደች። ሰባ ዓመት የተማሩት ጨዋነት ከበር አስቀራቸው። የሚቀጥለው ሲመጣ ቅደም ተከተል ብሎ ነገር የለም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንግባ አለች። ተያያዙ። በሩ ተከፈተና ብሌን አንድ እግሯን አስገባች። መብራቱ ቀላ።

«እጅ ለእጅ የተያያዘ መንገደኛ በጭነትነት ይመዘገባል። ጭነት በዚህ በር አይገባም።»

በሩ መዘጋት ሲጀምር ናሆም ብሌንን ወገቧን ይዞ መልሶ ጎተታት። እንባ ለብቻዋ ተጭና ብትሄድ ኖሮ ጉድ ነበር። ቀና ሲሉ ከበሩ በላይ የአራቱም ፊት በስክሪን ላይ ታየ፣ ከሥሩም አንድ ቃል ተጽፏል። ኢዩኤል መነጽሩን አውጥቶ ቀስ ብሎ አነበበው።

«መንጋ» አለ። ዞሮ ሶሊያናን አያት። «እኔን ነው?»

አራቱንም ነው። በመንጋነት የተመዘገበ ሰው እስከ ቀትር ድረስ ጅረት አይወስደውም። ከበሩ አጠገብ ደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ቆማ ነበር፤ ወርቅያንሽ ይላል ደረቷ ላይ። ሶሊያና ወደ እሷ ሄዳ መርዶ ልናረዳ ነው ልጄ፣ አብረን መድረስ አለብን፣ አሳልፊን ብላ ለመነቻት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። አዳመጠች፣ አዘነችም።

«እማማ፣ በየተራ ብትመጡ ኖሮ ችግር የለውም ነበር።»

«መርዶ በየተራ አይደለም፣ ልጄ።»

«ለምን?» አለች ልጅቷ። የምር ነው የጠየቀችው። «በየተራ ብትነግሯትስ?»

ሶሊያና ተቆጣች። የተቆጣችው በልጅቷ አይደለም። ይህ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቀን መምጣቱ ነው ደረቷን ያቃጠላት። ይህችን ልጅ ያሳደጓት ሰዎች አንድም ቀን ማንንም በኅብረት አልያዙም ማለት ነው።

ሌላ ምርጫ አልነበረም። አራት እንቁላል ጠሩ። ከመግባታቸው በፊት ተማማሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ከፎቁ ራቅ ብሎ ይጠብቃል፣ ማክዳን ያያት እንደሆነ ይደበቃል፣ ካየችው ይዋሻል።

የሶሊያና እንቁላል እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሶሊያና አላት። ፊትዎ ላይ ሐዘን አያለሁ፣ የሚያዝናና ነገር ላቅርብልዎ አላት። እሷ ዓይኗ ከፊቷ ባለው እንቁላል ላይ ነበር። ናሆም እዚያ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ፣ ጉልበቱ አገጩን ነክቶ ተጣጥፏል።

«አንተ ልጅ» አለችው እንቁላሉን፤ ልጅ ማለቷ ከልማድ ነው። «ያንን ከፊት ያለውን ተከተልልኝ።»

«ወደ አንድ ቦታ የሚሄዱ መንገደኞች ቦታው እንዳይጨናነቅ በተለያየ መንገድ ይሄዳሉ።»

ይህን ሲላት የናሆም እንቁላል ወደ ግራ ታጠፈ። የእሷ ወደ ቀኝ። የብሌንና የኢዩኤል ከመነሻው ጠፍተዋል።

ቀስ በል አለችው፤ ፍጥነት የመንገደኛ ጉዳይ አይደለም አላት። አንድ ጥግ አቁመኝ አለችው፤ መንገድ ላይ መቆም አይፈቀድም አላት። እሺ እዚያው ሰፈር ሌላ ፎቅ ሥር አውርደኝ አለችው። መድረሻ መቀየር የሚቻለው ከደረሱ በኋላ ነው አላት። ሁሉንም በትሕትና ነው የነገራት፤ አንቱ እያለ።

ሶሊያና ወንበሩ ላይ ተደገፈች። ልጅ ሆና፣ ገና ሚኒባስ በነበረበት ዘመን፣ ሰፈሩ በሙሉ አንዱን ተከራይቶ ሰንዳፋ መርዶ ሊያደርስ የሄደበት ቀን ትዝ አላት። እናቷ ጭን ላይ ነበረች። የአንዱ ክርን የሌላው ጎን ውስጥ ገብቶ፣ ከኋላ የተቀመጡት ጉልበታቸው ከፊተኞቹ ጀርባ ተጣብቆ፣ ሽታውም ሙቀቱም የሰው ነበር። ሾፌሩ ሰዎቹን አየና ማንም ሳይነግረው ሙዚቃውን ዘጋ። ያን ቀን መጨናነቁን ጠልታው እናቷን አስቸግራ ነበር። አሁን ሰፊና የሞቀ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ያንን ክርን ተመኘች።

«ወይዘሮ ሶሊያና» አለ እንቁላሉ፣ «ለወይዘሮ ማክዳ የሚደርስ መልእክት እንዳለዎት ከንግግራችሁ ተረድቻለሁ። አስቀድሜ ላድርስልዎ?»



«እንዳትነካት» አለች፣ ሳትጮህ። «ሰማኸኝ? አንተ አፍ የለህም። አፋችን ኢዩኤል ነው።»

«ኢዩኤል የሚባል አገልግሎት አላገኘሁም።»

«አታገኘውም» አለች። «እንዳትነካት ብቻ።»

እሺ አላት። ወዲያው ደርሰዋል አላት። በሩ ተከፈተ፣ ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ገፋት፣ እሷም የማክዳ ፎቅ በር ፊት ለፊት፣ ሜዳ ላይ ቆመች። መደበቂያ ግንድ እንኳ የለም።

ማክዳ ደጅ ነበረች። በአሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አፈር ሞልታ የዘራችውን ጎመን ውኃ ታጠጣለች። ገንዳውን ተሸክሞ ያወረደላት ዳምጠው ነው። ቀና ስትል ሶሊያናን አየችና ፊቷ በራ።

«ሶሊ! በጠዋት ምን ነካሽ?»

«ናፍቀሽኝ» አለች ሶሊያና።

«ብቻሽን?» አለች ማክዳ እየሳቀች። «አንቺ? ተማሪ ቤት ሽንት ቤት እንኳ ያለ እኔ የማትሄጂው?»

ሶሊያና ሳቀች። የሳቀችው ከልቧ ነው፤ አመለጣት። ያችን ሳቅ እስክትሞት ድረስ ለራሷ ይቅር አትላትም። ማክዳ ሳመቻት፣ ጎመኑን አሳየቻት፣ ዳምጠው እሑድ ለት ደውሎ ለበዓል እመጣለሁ ማለቱን፣ ድምፁ መወፈሩን፣ ሴት ልጅ ሳይይዝ እንዳልቀረ ነገረቻት። ሶሊያና ቦርሳዋን ከጀርባዋ ይዛ እሰይ፣ እሰይ ትላለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ተቀምጧል፤ አትውጠው፣ አትተፋው። ይህን ያደረጋት ማን ነው? ስሙን ብታውቀው ትራገመው ነበር። ስም ግን የለውም፤ አመሰግናለሁ የሚል ድምፅ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛ እንቁላል መጥቶ ናሆምን አወረደው። ሰውየው እስኪዘረጋ ጊዜ ወሰደ። ጠጋ ብሎ ሰላም አለና፣ የጉልበት ሐኪም እዚህ ሰፈር አለ ተብሎ መምጣቱን ነገራት። ጉልበቱን ያመመው ኢዩኤል መሆኑን ማክዳ ታውቃለች።  የናሆምን ክንዶች አየች፤ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል። ከዚያ የሶሊያናን ቦርሳ አየች። ዚፑ በደንብ አልተዘጋም፣ ጥቁር ጨርቅ ብቅ ብሏል።

ሶሊያና ባሏን ያጣች ለት ጎን ሆና ከአጠገቧ የተቀመጠችው ማክዳ ናት። ሥርዓቱን ከእነሱ እኩል ታውቀዋለች።

የውኃ ማጠጫውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«ብሌን አልመጣችም?» አለች።

«መንገድ ላይ ናት» አለች ሶሊያና።

«ኢዩኤልስ?»

«እሱም መንገድ ላይ ነው።»

ማክዳ ራሷን ነቀነቀች። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ያላት አንድ ልጅ ነው።

«እንግዲያው ማንም እንዳይናገር» አለች። «ሁላችሁም እስክትደርሱ እኔ አልሰማሁም። ገባሽ፣ ሶሊ? ገና አልሰማሁም።»

የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሶሊያና ከጎኗ ተቀመጠች። ናሆም ፊት ለፊት ቆመ። እንዲህ ሆነው መንገዱን ይመለከቱ ጀመር፤ መርዶ ነጋሪዎቹም የሚነገራትም፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ሦስት ሰዓት ሆነ። በተከፈተው በር በኩል የግድግዳው ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ ማክዳ፣ አስቸኳይ መልእክት አለዎት። እባክዎ ወደ ግድግዳው ይቅረቡ።»

ማክዳ የሶሊያናን እጅ ጨበጠች። ድምፁ ደገመ። ሦስተኛ ሲደግም፣ ካልቀረቡ መልእክቱን ባሉበት አነብልዎታለሁ አለ። ናሆም ሮጠ። እንዲህ የገዘፈ ሰው እንደዚያ ይሮጣል ብሎ የሚያምን የለም። በሩን ዘግቶ ጀርባውን ሰጠውና ቆመ። ግድግዳው ግን ለደነቆረ ሰው እንዲሰማ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ከእንጨቱ ኋላ ከፍ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ልጅዎ አቶ ዳምጠው...»

«ተማሪ ቤት ሽንት ቤቱ በር አልነበረውም!» አለች ሶሊያና፣ ባላት ጉሮሮ ሁሉ። «ትዝ ይልሻል ማኪ?»

«ትዝ ይለኛል» አለች ማክዳ፣ እሷም ጮክ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና። «አንቺ ስትገቢ እኔ በጉርዴ እከልልሽ ነበር።»

«መምህሯ አልጋ ላምጣላችሁ ወይ ያለችንስ?»

«እዚያ ስንቆይባት!»

ሁለት አሮጊቶች በጠራራ ፀሐይ ስለ ሽንት ቤት ይጮኻሉ። ናሆምም ድምፁ እንዳይሰማ በሩን በክርኑ ይደበድባል። በየመስኮቱ ሰው ብቅ አለ። ግድግዳው አንብቦ ጨረሰ፣ የቀብር አማራጮቹን ዘረዘረ፣ እንደገና ለመስማት ወደ ግድግዳው ይቅረቡ አለ። ማክዳ ሰማች? ሶሊያና ይህን አታውቅም፤ በኋላም ጠይቃት አታውቅም። አልሰማሁም ካለች አልሰማችም።

ብሌን ደረሰች። ከእንቁላሉ ስትወርድ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር። ሦስቱን አየችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ገና ነው፣ ብሌንዬ» አለቻት ማክዳ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች። «ትንሽ ዋጪው። ኢዩኤል ይምጣ።»

ኢዩኤል ግን የለም። ሶሊያና ደወለችለት። ድምፁ በንዴት ይንቀጠቀጣል። የምሄድበት ቤት በቂ ጎብኚ አለው ብሎኝ ቃሊቲን እያዞረኝ ነው አላት። በቂ ጎብኚ! ማን ነው የቆጠረው? ለልጇ ሞት ለእናት ሦስት ሰው ይበቃል ያለው ማን ነው? አስመለሰኝ በለው አለችው ሶሊያና፤ ስልኩ ተዘጋ።

ጠበቁ። ፀሐይዋ ጎመኑ ላይ ወጣች። ማክዳ አልተንቀሳቀሰችም። እንባዋ ግን ያለ ድምፅ፣ ያለ ፈቃድ መውረድ ጀምሯል፤ እሷም እንዳላየችው ሆነች፣ እነሱም እንዳላዩት ሆኑ።

ከዋናው መንገድ በኩል አንድ ሰው በእግሩ መጣ። በዚያ መንገድ በእግር የሚሄድ ሰው ስለማይታይ ከሩቅ ለዩት። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፣ ያነክሳል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ሆኗል። ደርሶ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ሊያስመልሰኝ ነው ስለው ወዲያው አወረደኝ» አለ ለሶሊያና። «ከእኔ ወንበሩን ይወዳል።» ከዚያ ዞር ብሎ ማክዳን አያት፣ እሷም እያወቀች እንደጠበቀችው ገባው፤ ቀልዱም ከፊቱ ጠፋ።

ናሆም በሩን ትቶ መጣና ከኋላዋ ቆመ። ብሌን እጇን ከአፏ አወረደች። ማክዳ የሶሊያናን እጅ እንደያዘች ተነሣች። አራቱንም በየተራ አየቻቸው።

«ሞላን?» አለች።

«ሞላን፣ ማኪ።»

ከበሩ ኋላ ግድግዳው አሁንም በትሕትና ስሟን ይጠራል። ማክዳ ሻሿን ፈታ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ወደ ኢዩኤልም ዞረች።

«በል ጋሼ» አለችው። «አሁን ንገረኝ።»